ዘመድ ያልሆነ ጆሮ

ጤና ጣቢያውን ከለቀቅሁ አራት ወር ሆነኝ። አሁን ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ዳገቱ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይበላዋል፤ እኔም አንድ ቦታ መቆም ስለማይሆንልኝ ተስማምተናል። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲሳፈሩ ገና ሳይደላደሉ ይጀምሩኛል። «አንተ፣ የመንግሥት ሥራ ለቆ ባጃጅ?» ለአንዱ ደመወዙ አነሰኝ እላለሁ፤ ለሌላው አለቃዬ አስመረረኝ። እናቴን ሲጠይቋት «የዚህ ልጅ መቀመጫ እሾህ ነው» ብላ ትገላግለኛለች።

ደመወዙ ማነሱ እውነት ነው። አለቃዬ ግን ደግ ሰው ነበር። እውነተኛው ምክንያት በአንድ የባጃጅ ጉዞ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። የሰዎቹን ስም፣ የመንደራቸውን ስም፣ ዘመድነታቸውን ሳይቀር ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርሁ ሲያነቡት ይገባዎታል።

ጤና ጣቢያው ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ካርድ ክፍል ተቀጠርሁ። ሥራዬ የበሽተኛውን ስም ሰምቶ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጎ ማውጣት ነበር። ቅዳሜ ገበያው ሲቆም ከዋግ በኩል ያሉት ገበሬዎች ፍየላቸውንና ማራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የታመመ ካለም አብሮ ይመጣል። አፋቸው ኽምጣና ነው፤ የከተማው ሰው በጅምላ አገውኛ የሚለው ቋንቋ። ብዙዎቹ ወንዶች የገበያ አማርኛ ያውቃሉ። ፍየል ለመሸጥ ይበቃል። ሐኪም ፊት ተቀምጦ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሲበሉ ይብስ እንደሆነ ወይስ ሲራቡ፣ ለመናገር ግን አይበቃም። ሴቶቹ ያንኑም አያውቁም።

እናቴ የዚያ አገር ልጅ ናት፤ ላስታ የመጣችው አባቴን አግብታ ነው። ስታባብለኝ በአማርኛ፣ ስትቆጣኝ በኽምጣና ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የቻልሁት ስድቡን ነው።

አንድ ቅዳሜ ካርድ ክፍል ሆኜ የማቴዎስን ጩኸት ሰማሁ። ማቴዎስ ጤና መኮንናችን ነው፤ የወላይታ ልጅ፣ አማርኛን እሱም ትምህርት ቤት የተማረው። ያልተግባቡ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉትን ያደርግ ነበር፤ አልገባ ሲላቸው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፊቱ የተቀመጠችው ሴትም በኽምጣና ትጮኽበታለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በመስኮቴ ብቅ ብሎ «አንተ፣ የእናትህን አፍ ትችል የለ? እትየ ውዴ ለቅሶ ሄደዋል። ግባና ገላግላቸው» አለኝ።

ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። አስተርጓሚ የሚባል መደብ ስለሌለ በወረቀት ላይ እስከ መጨረሻው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ኃላፊው በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸሜን ሲሞላ «ሌሎች ተግባራት» በሚለው መስመር ላይ «በቋንቋ ይረዳል» ብሎ ይጽፍልኛል። ወረቀቱ ስለዚህ ሥራ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

እትየ ውዴ የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ከእኔ በፊት፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ የዋግን ሰው ሁሉ ያስተረጎሙት እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያውን ዓመት እየተፈራረቅን ሠራን። ወደ ምርመራ ክፍል ሲጠሩ መወልወያቸውን በሩ ላይ ያስደግፋሉ፤ እጃቸውን በበረኪና ውሃ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ገብተው ከበሽተኛው ቀኝ ትከሻ ኋላ ይቆማሉ። ፊት ለፊት ቆመው አያውቁም። በሽተኛው ሲናገር የሚያየው ማቴዎስን ነው፤ የእሳቸው ዐይን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የክትባት ሥዕል ላይ ነው። «ሆዱን ያመዋል ይላል» አይሉም። «ሆዴን ያመኛል» ይላሉ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ «ጢሜን ስላጭ ራሴን ያዞረኛል» ሲል እሳቸውም እንዲሁ አሉ፤ ፈገግ እንኳ አላሉም።

አንድ ጊዜ ማቴዎስ የአንዲት አሮጊት ሆድ ሲነካ አሮጊቷ አጉረመረሙ። እትየ ውዴ ግድግዳውን እያዩ «ይኸ የአንተ እጅ ነው የሬሳ? እናትህ እሳት ዳር አስቀምጣህ አታውቅም?» አሉት።

ማቴዎስ ደንግጦ ዞረ። «እትየ ውዴ! ምን አደረግሁዎ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? እሳቸው ናቸው» አሉ ወደ አሮጊቷ በአገጫቸው እየጠቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቴዎስ ሰው ከመንካቱ በፊት እጆቹን ያፋትጋል።

በሽተኛው ዝም ካለ እሳቸውም ዝም ይላሉ። እኔ ዝምታ አልችልም። ሰው መልስ ሲያዘገይ ጥያቄውን ደግሜ፣ ገልብጬ፣ መልሱን ራሴ አቀብዬ እገኛለሁ። «እሱ ዝም ሲል አንተን ምን አስለፈለፈህ? እያሰበ እኮ ነው» ይሉኛል ስንወጣ። ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ያን ጊዜ በተበላሹ ካርዶች ጀርባ ላይ ግጥም እሞነጭር ነበር፤ ያ ልማድ ወደ ምርመራ ክፍልም ተከትሎኝ ገባ። አንዲት ሴት «ወገቤን ይከብደኛል» ስትል እኔ «ወገቤ ላይ ተራራ ተቀምጧል» ብዬ አሳምሬ አቀረብሁት። ማቴዎስ ብዕሩን አንሥቶ «ተራራ ማለት? ይወጋታል? ያቃጥላታል?» አለ። እትየ ውዴ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ግጥምህን ካርድ ክፍል ትተኸው ና። እዚህ ሰው ታሟል።»

ከሁሉ ያልገባኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። በእኛ አገር ሰው ተገናኝቶ ሰላምታውን እንደጨረሰ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማን ልጅ ነህ? በሽተኞቹም የገዛ አፋቸውን የምትናገር ሴት ሲያገኙ ሕመማቸውን ሳይናገሩ በፊት «የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ ከየት ናት?» ይሏቸዋል። እትየ ውዴ «ከወዲያ ማዶ» ብለው ያቆማሉ። ከየትኛው ማዶ እንደሆነ አይናገሩም። ሰዎቹ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። እኔ ሴትዮዋ በመወልወያቸው ያፍራሉ ብዬ ደመደምሁ፤ የጽዳት ሠራተኛ መሆናቸው አገራቸው እንዳይሰማ ነው አልሁ።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነበርሁ። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ እስከ ቅድመ አያቴ እቆጥርላቸዋለሁ። በእናቴ በኩል የማይነካካኝ ሰው የለም። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ስም ላይ እንገናኛለን፤ «አንተማ የእኛው ነህ!» ይሉኛል፤ ግንባሬን ይስሙኛል። መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። ማቴዎስም «አንተ ስትገባ ሰው ይስቃል» ብሎ አመሰገነኝ።

«ይስቃል» አሉ እትየ ውዴ፤ ወለሉን እየወለወሉ ነበር። «ይናገራል ወይ?»

ቀኑባቸው አልሁ በልቤ።

አያ ኪሮስ የመጡት ቅዳሜ ነው። ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ደርሶ ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ተጠቅልለው ነበር ያገኘኋቸው። ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸውን ቆርጦ ይዟቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል። ደግፌ አስገባኋቸው።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉኝ በኽምጣና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ነገርኋቸው። የአባቴን፣ የእናቴን፣ የእናቴን አባት። ከዚያ እሳቸው ቆጠሩ። ሦስት ስም ሳንሄድ ተገናኘን፤ በዘር ግን አልነበረም። ታላቅ እኅቴን ያገባው ሰው የወንድማቸው ልጅ ነው። አማች ነን።

አማች ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን መንገር አያስፈልግም። ለማያውቅ ልንገር። አማች ሲገባ ይነሣሉ። አማች ፊት እግር አይዘረጋም፤ ስለ ሆድ፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ገላ አይወራም። አያ ኪሮስ ያ ሁሉ ሕመም እያለባቸው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኅትህ በረታች?» አሉኝ። ግንባራቸው ላይ ላብ እያየሁ «ደኅና ናቸው» አልኋቸው። ደስም አለኝ። ሰውየው የተሻላቸው መስሎኝ ነበር።

ማቴዎስ ጠየቀ፤ አስተረጎምሁ። ሆዱን ነው? አዎን፣ ትንሽ። ምን በሉ? እህል። አሁንስ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።» ሆዳቸውን በልብሳቸው ላይ ተጫነው፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ማቴዎስ ግን አልተዋጠለትም። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ብሽሽቱ ላይ የወረደ ነገር፣ እብጠት፣ አለው ወይ በለው። ለማንኛውም ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ይተኛ፤ ልየው።»

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ስድቡን ከእናቴ ስማር አብሮ የተማርሁት ነው። አፌን ከፈትሁና «ሌላ የሚያምዎ ቦታ አለ?» አልኋቸው። በቃ፣ ይኸው ነው ያልሁት።

«የለም ልጄ» አሉኝ።

«የለም ይላሉ» አልሁት ማቴዎስን። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ «ይላሉ» ማለቴ እንኳ የተሰማኝ።

«ይተኛልኝ ግን።»

«ማቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አማቻችን ናቸው። ሱሪ አውልቁ ቢባሉ እኅቴን ነው የምታዋርዳት። ተዋቸው።»

ማቴዎስ ወደ በሩ አየ፤ ሰልፉን አየ። ወደዚህ አገር ሲመደብ የሰዉን ባህል አክብር ብለው የላኩት ልጅ ነው። የጨጓራ መድኃኒትና ማስታገሻ ጻፈላቸው። እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው። መረቁኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ በቃሬዛ መጡ። ስምንት ሰው እየተቀባበለ ነው ያመጣቸው። ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ትንፋሻቸው ይሸታል። እኔ ቃሬዛው አጠገብ ቆሜ ስንተባተብ እትየ ውዴ መወልወያቸውን ጣሉት፤ ያን ዕለት አላስደገፉትም። ከራስጌያቸው ኋላ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው። የጠየቁት ማቴዎስ ቅዳሜ የጠየቀውን ነው። እኔ ወደ ኋላ እንድሸሽ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

አያ ኪሮስ ዐይናቸውን ጨፍነው ለማይታያቸው ሰው ተናገሩ። እትየ ውዴም በአማርኛ «ከብዙ ዘመን ጀምሮ ብሽሽቴ ላይ አንጀት ይወርድብኛል። ስተኛ ይመለስልኝ ነበር። ዐርብ ዕለት ግን እንጨት ሳነሣ ወርዶ አልመለስ አለኝ» አሉ።

ማቴዎስ ሱሪያቸውን ቀደደው። አምቡላንስ ተጠራ። ሆስፒታል ሲደርሱ ወዲያው ሆዳቸው ተከፈተ፤ የታነቀው አንጀት ጠቁሮ ነበር። በማግስቱ ዐረፉ። ቅዳሜ ቢሄዱ ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ማቴዎስን ጠየቅሁት። መልስ ከመስጠቱ በፊት እጆቹን ሲያፋትግ ቆየ። «ብዙዎቹ ይድናሉ» አለኝ። «እኔም ማየት ነበረብኝ። አንተን መስማት አልነበረብኝም።»

መርዶው የደረሰ ዕለት ማታ፣ ከመውጣታችን በፊት እትየ ውዴ ካርድ ክፍል ድረስ መጡ። ወንበር ስስብላቸው እምቢ አሉ።

«እኔ አባቴን የማላውቅ መስሎህ ነው የማን ልጅ እንደሆንሁ የማልናገር?» አሉኝ። «አባቴ ቄስ ነው፤ ስሙን ብጠራው የማያውቀው የለም። ዘመድ ከሆንሁ በኋላ ማን ገላውን ይነግረኛል? አንተ ቤት ገብተህ ዳቦ የምትቆርስለትን ሰው ሱሪህን አውልቅ ልትለው? አንደበትህ አይታዘዝህም እኮ። አልታዘዘህም።»

ከዚያ በላይ አልተቆጡኝም። በዚያው ወር ጡረታ ወጡ፤ ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ለቅሶው ላይ መቅረት አልችልም፤ አማች ነኝ። ከእናቴና ከእኅቴ ጋር ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀልኝ። «እንኳን አንተ ኖርህላቸው፤ ባዕድ እጅ አልወደቁም» ይሉኛል። አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዞ «ዘመድ ማለት ይህ ነው» አለ። የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁት። እናቴ «ብላ እንጂ፣ ያዩሃል» ትለኛለች በኽምጣና።

በሦስተኛው ቀን ጧት የአያ ኪሮስ ባለቤት እማማ ስንዱ ከድንኳኑ ኋላ ጠሩኝ። ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ፊታቸው በለቅሶ ተፍቋል። 

«ያንን ነገር» አሉኝ፤ ስሙን አልጠሩትም። «ቅዳሜ ዕለት ጠይቀኸው ነበር?»

አዎን ጠይቄያቸው ደበቁኝ ልል እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም፤ አያ ኪሮስ የሉም፤ ማቴዎስ ኽምጣና አይሰማም።

«አልጠየቅኋቸውም» አልሁ።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የድንኳኑን ገመድ ይዘው መሬት መሬት አዩ። «እኔም አልጠየቅሁት» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ።» ከዚያ ለቀስተኛ መጣና እያለቀሱ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ እብድ ሆንሁ። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ «ከወዲያ ማዶ» እላለሁ፤ ግን የእኔ ማዶ ለማንም አይሰወርም። ላስታ ውስጥ ፊት ስም ነው። «የእገሊትን ዐይን የያዝህ፣ ከወዲያ ማዶ ነኝ ትለኛለህ?» ይሉኛል። ተመርማሪ ፊት መቆሙን ተውሁት። በአልጋው ዙሪያ የሚሳበውን መጋረጃ ወደ ጥግ አዛወርሁና ከኋላው ቆምሁ። በሽተኛው ማቴዎስን ብቻ ያያል፤ ድምፅ ከጨርቁ ውስጥ ይመጣለታል። ገበያው ውስጥ «መጋረጃው ኽምጣና ያወራል» ተባለ። አንድ ቄስ ሕመማቸውን ተናግረው ሲጨርሱ የመቅደስ መጋረጃ እንደሚሳለሙ ሁሉ ተሳልመውት ወጡ፤ እኔ ከኋላው እስትንፋሴን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሠራልኝ። ሰዎቹ ይናገሩ ጀመር። ዋጋው ግን ሌላ ሆነ። ቆይተው ድምፄን ይለዩታል፤ ማን እንደሰማቸው ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እህል ተራ ስሄድ ፊቱን የሚያዞርብኝን ሰው ሁሉ የቱን እንደሚያመው አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይረጋጋል ይሆናል። እኔ ቅዳሜ ሲመጣ ካርድ ፍለጋ ነኝ እያልሁ መደርደሪያው ኋላ እዘገይ ጀመር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ማቴዎስ «ቀጣይ!» አለ። የሴት እርምጃ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ የምትራመድ ሴት። ወንበሩ ተንቋቋ። ማቴዎስ ጠየቀ፤ ከመጋረጃው ኋላ አስተረጎምሁ።

መልስ የለም። ዝም አልሁ። 

«ውጣ ከዚያ» አለ የሴትዮዋ ድምፅ። «ድምፅህን የማላውቀው መስሎህ ነው?»

ወጣሁ። እማማ ስንዱ ናቸው፤ ከስተዋል፤ በሁለት እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ይዘዋል። እግሬ በሩን ፈለገ። «እማማ፣ ሌላ ሰው ይፈለግልዎ። ሴት ቢሆን...» አልሁ። ሌላ ሰው እንደሌለ ግን እሳቸውም ያውቃሉ።

«የት ልትሄድ? ቁም» አሉኝ። «አውቄ ነው የመጣሁት። እሱን ያልጠየቅኸውን ሁሉ እኔን ጠይቀኝ።»

ማቴዎስ «ምን ይላሉ?» አለ። ነገርሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አቀና፤ ቀስ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሽንት ያመልጥዎታል? ከታች የሚወጣ ነገር አለ? ከመቼ ጀምሮ? እያንዳንዱን ቃል በስሙ ጠራሁት። አንዱን ሳልጨርስ ፊቴ እስከ አንገቴ ድረስ ይቃጠላል፤ አልቆምሁም። እሳቸው ማቴዎስን አላዩም፤ እኔን እያዩ መለሱ። እኔም በአማርኛ እንዲህ አልሁ፦ «አራተኛ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ማሕፀኔ ይወጣል። ውሃ ስሸከም ይወጣል፤ ስቀመጥ በእጄ እመልሰዋለሁ። ሁልጊዜ እርጥብ ነኝ። በዚህ ገላዬ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ቅዳሴ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ሰው ንስሐ ላይ ናት ይለኛል። ባሌም እንደዚያ ይመስለው ነበር።»

ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። የእሳቸው አልተሰበረም።

አዋላጇ ነርስ ገብታ አየቻቸው፤ እኔ ወጣሁ። ማቴዎስ ወደ ሆስፒታል የሚልካቸውን ወረቀት ሲጽፍ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል መሆኑን እንድነግራቸው ጠራኝ። ነገርኋቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም።

«እንደገና በለው። ይድናል ነው ያለው?»

«ይድናል ነው ያለው።»

«እና ያን ሁሉ ዘመን...» አሉና ተዉት። ሲወጡ አላመሰገኑኝም፤ አልመረቁኝም። ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጠሩት።

ተራ እስኪደርሳቸው ብዙ ወራት ጠበቁ፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ ተመለሱ። ይህን የሰማሁት ከእኅቴ ነው። እሷ የምታውቀው «ሆዷን ታክማ መጣች» የሚለውን ነው።

በዚያው ሰሞን ካርድ ክፍል አዲስ ልጅ ተቀጠረች፤ ከተከዜ ዳር ከቆላው የመጣች። ኽምጣናዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። የመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ምርመራ ክፍሉ በር አደረስኋት። በሽተኛዋ «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። የአባቷን ስም ተናገረች። በሽተኛዋ አሰበች፣ ቆጠረች፣ አገላበጠች፤ አላገኘችውም። ከዚያ ተነፈሰችና ስለ ጡቷ መናገር ጀመረች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ያንን ሰማሁ። ሦስት ወር አስተማርኋት፤ የት እንደምትቆም፣ ወዴት እንደምታይ፣ «ትላለች» እንዳትል። አንድ ችግሯ መሳቋ ነው፤ ይለቃታል። መልቀቂያ ስጽፍ ኃላፊው «ሰው ለምዶህ እኮ ነው፤ ሁሉም ያውቅሃል» ብሎ ለመነኝ። «እሱ ነው ችግሩ» አልሁት።

በለቀቅሁ በሳምንቱ የኅዳር ሚካኤል ነበር። እኅቴ በምትኖርበት አጥቢያ ይነግሣል፤ ከእናቴ ጋር ሄድሁ። ዘግይተን ስለደረስን ቅጽሩ ውስጥ ከወይራው ሥር ቆምን። ሰው እየተጋፋ ይገባል። እማማ ስንዱ በአጥሩ በር ገቡ። አዲስ ነጠላ አጣፍተዋል፤ እርምጃቸው ፈጥኗል። በእኛ በኩል ነው መንገዳቸው። እናቴ ገና ከሩቅ ፈገግ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ እጇን ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

አንድ ክንድ ያህል ቀርቶን ዐይናቸው ዐይኔ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው አለፉ። የሴቶቹ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ደፉን በግንባራቸው ነክተው ተሳለሙ፤ ገቡ።

የእናቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አየሃት? አማቾቻችን እኮ ናቸው! ሰላም እንኳ አትበለን?» አለችኝ፤ ስትቆጣ እንደ ልማዷ በኽምጣና ነው። «አንተን ነው የዘጋች፤ እኔ ምን በወጣኝ። ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም» አልኋት።

«ምንም ያላደረጉትን ሰው እንዲህ አያልፉትም። ተናገር፣ ምን አደረግሃት?»

በሩን አየሁ። ውስጥ ቅዳሴው ተጀምሯል።

«ምንም አላደረግኋቸውም፣ እማ» አልሁ።